የወንድሜ ኮምፒውተር ለምን እረፍት አጣ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለአኩራፊው፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ፤ ለቀረልኝም አምላክ ይመስገን። አንተንም ባለህበት ከክፉ ይጠብቅህ፣ የነካኸው ሁሉ ይቃናልህ።

በእጄ የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። የአባትህ ኮምፒውተር ሊያሳብደኝ ነው። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው አይደል፣ ሁለቱን ዓመት ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ የጡረተኞች ማኅበራችን ጸሐፊ አድርጎ ሲመርጠኝ (ሌላው ሁሉ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ ችሎታዬን አይተው አይደለም) ጨርቁን ገፍፌ አበራሁት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። ገና ሲበራ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ለእኔ ለደንቆሮው እንኳ ይሰማኛል። ጎኑን ስነካው ያቃጥላል። «ሀ» የምትለዋን ነክቼ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ነው ፊደሏ የምትታየው። የአባላቱን ዝርዝር ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በሰዓት ነው የያዝኩት። ኢሜይልማ ተወው።

የሚገርመኝ ደግሞ አባትህ ሲሠራበት ድምፁ አይሰማም ነበር። እዚሁ አጠገቡ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ የሚሰማኝ ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ሰዓቶች ብቻ ነበሩ።

አንተ የዚህ ነገር ሐኪም ነህና መላ በለኝ። ስልክ እንዳትደውል፣ አልሰማህም፤ «እሺ እሺ» እያልኩ እዘጋዋለሁ። በወረቀት፣ ቁጥር እየሰጠህ፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፍልኝ። ዓመታዊ ስብሰባችን የካቲት መጀመሪያ ነው።

አጎትህ

ጥቅምት 30 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ሲግል ማራገቢያው ይጮኻል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ገመዱን ነቅለው የጎኑን ክዳን ይፍቱና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አቧራ አያጣም።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሲከፍቱ ብዙ ገጽ አንድ ላይ አይክፈቱ።

ሦስተኛ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። ማን ስንት እንደሚወስድ በመቶኛ ያሳያል።

አራተኛ፣ አጥፍተው ያብሩት።

ይህ ከረዳዎት መልካም ነው።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 16 ቀን

ይድረስ ለአኩራፊው፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ያንተ ግን አጭር ሆኖብኛል። «ሥራም ደህና ነው» ብቻ? ስለ ቤትህ፣ ስለምትበላው፣ ስለ ብርዱ አንድ መስመር ብትጨምር ቀለም አያልቅብህም። ይሁን፤ ይባርክህ፣ ዕድሜ ይስጥህ።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ክዳኑን ስፈታ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። አራት ቀን እያስነጠሰኝ ነበር። ሁለት ብሎን ተርፎኛል፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ያለ እሱም ይሠራል። ጩኸቱ በአንድ ፀጉር እንኳ አልቀነሰም። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ አብርቼ አጥፍቼዋለሁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ነገር ግን ሦስተኛው ምክርህ ሌባውን አሳይቶኛል! ያልከው መስኮት ተከፈተ፤ ፕሮሰሰሩ መቶ ከመቶ ይላል። ከዝርዝሩ አናት ላይ በፈረንጅ ፊደል «ሄልፐር» የሚል አንድ ነገር ተቀምጧል። እሱ ብቻውን ዘጠና ስድስት ይወስዳል። ለቀረነው፣ ለእኔም ለአባላቱም ለኢንተርኔቱም፣ አራት ተርፎልናል። ረዳት ማለት መሆኑን አላጣሁትም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት በከንቱ አይደለም። ግን እንዲህ ዓይነት ረዳት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ማንንም ሳይረዳ ድስቱን ሙሉ የሚበላ። ማን እንዳመጣውም አላውቅ፤ አባትህ ኮምፒውተሩን ለአራት ነገር ብቻ ነበር የሚጠቀምበት፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ላጥፋው? «አንሳው» በለኝና ዛሬውኑ አስወግደዋለሁ። ቶሎ መልስልኝ።

አጎትህ

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ።

ብርዱን ስለጠየቁኝ፣ የምሠራው ምድር ቤት ስለሆነ ብርዱም ፀሐዩም አይደርስብኝም። አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ፤ ከላይ ካሉት ቢሮዎች የተበላሹ ኮምፒውተሮች ወረቀት ተለጥፎባቸው ይመጣሉ። «ቀርፋፋ ነው»፣ «ይግላል»፣ «ይጮኻል» ይላል ወረቀቱ። ቀኑን ሙሉ እነሱን ነው የምፈታው። የእርስዎን ደብዳቤም እዚያው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ስንት ቀን አየሁት።

ሄልፐር የሚባለውን አይንኩት። የማሽኑ የራሱ ክፍል ነው። ቢያጠፉት ሌላ ነገር ይበላሻል።

ይልቅ ጸረ ቫይረስ ያስገቡ። ከዚያ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን ይቀንሱ፤ እንዴት እንደሚደረግ በሁለተኛው ወረቀት ላይ በሥዕል አስቀምጬያለሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባትም ደርቆ ይሆናል። ስብሰባው እስኪያልፍ ዝርዝሩን በእጅ ቢጽፉት አይሻልም?

ደግሞ ለጥገና ቤት እንዳይሰጡት አደራ። እዚያ ያሉ ሰዎች ምንም ሳያዩ ሁሉን ነው የሚያጠፉት።

የአባዬ ጠረጴዛ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው?

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 7 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናህ ይብዛ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። ሰዓት ይጠግንበት የነበረው ሰሌዳም፣ ያቺ የሚያጎላ መነጽሩም እንዳሉ ናቸው። አባትህ ከተቀበረ ወዲህ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ ይህች የመጀመሪያህ ናት፤ እሷም ስለ ጠረጴዛው። አልወቅስህም። እኔም አፌን ዘግቼ ነው የኖርኩት።

ሥዕሎችህ ያማሩ ናቸው፣ ግን አልረዱኝም። ጸረ ቫይረሱ ሲጨመርበት ጭራሽ ሁለት ወፍጮ ሆነ። መቶ አሥራ ስምንት አባል በእጅህ ጻፍ ትለኛለህ? እኔ እኮ የተመረጥኩት እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዘንድሮ እሱም ጀምሮታል።

መንገዱ ማዶ አንድ ጠጋኝ ከፍቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ሳልሰጠው ጠርቼ አሳየሁት። ሄልፐር የተባለውን አይቶ «አባቴ፣ እንዲህ የሚባል የማሽኑ ክፍል የለም። ሰው ያስገባው ነገር ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ያንተን ቃል ይዤ ተሟገትኩት፤ «የወንድሜ ልጅ ካንተ ይበልጣል» ብዬ አሳፍሬ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን አሰብኩበት። አንተ በሥራህ ተሳስተህ አታውቅም። እሱም የዋሸ አይመስልም። ምን ልበል?

ሰውየው ሁሉንም ጠርጎ አዲስ መጫን ነው መፍትሔው ይላል። እስከ ጥር 25 እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም፣ ስብሰባው ይደርስብኛል። የማኅበሩን ዝርዝር፣ የአባትህን የደንበኞች መዝገብና ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጫለሁ። ያየሁትን ሁሉ ይዣለሁ። የቀረ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ።

አጎትህ

ጥር 21 ቀን

ጋሼ፤

እንደምን ነዎት ሳልል ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው፤ እባክዎ ገና እንዳገኙት ቆመው ያንብቡት። ኮምፒውተሩን እንዳያስጠርጉት። እባክዎ።

ሰውየው እውነቱን ነው። ሄልፐርን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አባዬን ልቀብር የመጣሁ ጊዜ ስምንት ቀን አደርኩ። እርስዎ እንግዳ ሲሸኙ እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ «ለእሱ» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ልከፍተው ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። «እሱ» እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላወቅኩም። የተወለደበትን ዓመት ሞከርኩ፣ የእማዬን ስም ሞከርኩ፣ የቤቱን ቁጥር ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ከዚያ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል እያገጣጠመ ያለ እረፍት የሚሞክር ፕሮግራም ጫንኩበት። አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል ብዬ ነበር። አልበቃውም። የመሄጃዬ ቀን ደረሰ፤ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ ሄድኩ። እንዳይታይም ስሙን ሄልፐር አልኩት። ጽሑፉን ራሱን ካለበት አንሥቼ በማይታይ ማኅደር ውስጥ ከፕሮግራሙ ጋር ደበቅኩት። እርስዎ ገልብጬዋለሁ ካሉት ውስጥ የለም። ሊያዩት አይችሉም።

ለምን አልጠየቅክም ይሉኛል። ጋሼ፣ ያን ቀን አባዬ የሰዓት ሱቅ ውስጥ ነበሩ። የደንበኛው ሰዓት የጠፋ ቀን። አባዬ በሰው ፊት በጥፊ ሲመታኝ፣ «ሌባ» ሲለኝ እርስዎ በሩ ጋ ቆመው ነበር። አልሰረቅኩም። ያኔም ብዬዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ከቤት ወጥቼ እዚህ ድረስ የመጣሁት በዚያች ቃል ነው። እና የሞተ አባቱ የቆለፈውን ሊከፍት ሲታገል ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? «ድሮም ያለው እውነት ነበር» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ሌባ የተባለ ሰው ሌባ እንዳይባል ሲል በድብቅ ሠራ። ቂልነት መሆኑን አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።

ጥቅምት ላይ «ይጮኻል» ብለው ሲጽፉልኝ ገና በመጀመሪያው መስመር ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ከጮኸ ገና እየሞከረ ነው ማለት ነው። ተስፋ ነበረኝ። ያገኘው እንደሁ ብዬ ስለ አቧራና ስለ ቅባት ጻፍኩልዎ። እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ ተንበርክከው ብሎን ፈቱ። ስለዚህ ከምንም በላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቴም አነሡት፣ «ማነው? ጮክ በል!» አሉኝ። ይህን ነገር ጮኼ መናገር አቃተኝና ዘጋሁት።

ሄልፐርን ያጥፉት፤ ታስክ ማናጀሩ ላይ መርጠው «ጨርስ» የሚለውን ይጫኑ፣ ወዲያው ዝም ይላል። ማኅደሩ የት እንዳለ ከጀርባ ጽፌያለሁ። «ለእሱ» የሚለውን ብቻ ያስተርፉልኝ። ተቆልፎም ቢሆን በእጄ ቢኖር ይበቃኛል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም፤ ቢኖርም ከእሱ ጋር ተቀብሯል።

የእርስዎ ልጅ

የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አምስተኛው ነው።

ደብዳቤህ ጥር 28 ደረሰኝ። ኮምፒውተሩ ጥር 26 ተጠርጓል። ቀኑ ካለፈ በኋላም አንድ ቀን ጨምሬ ጠብቄህ ነበር።

እንዳልከው ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ በሩ ላይ። ከዚያ በነጠላ ጫማዬ መንገዱን ተሻግሬ ጠጋኙ ዘንድ ሮጥኩ፤ ስሮጥ ያየ ሰው ቤት የተቃጠለብኝ መስሎታል። «የጠረግከውን መልስ» አልኩት። ያሳፈርኩት ሰው ነው፣ ግን ቂም አልያዘብኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ታገለ። የተሰረዘ ነገር አንዳንዴ ይገኛል፤ አዲሱ ከላዩ ከተጻፈበት ግን አይገኝም አለኝ። ከሌሎቹ ቁርጥራጭ አወጣ፤ ግማሽ ፎቶ፣ የተቆረጠ የደንበኛ ስም። ያንተን አላገኘውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሳፍስ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደውሎ የሚዘጋው አንተ ነበርክ ማለት ነው። የሰፈር ልጆች መስለውኝ ተሳድቤያለሁ። ይቅር በለኝ።

ስብሰባው አለፈ። ዝርዝሩ በአንድ ትንፋሽ ተከፈተ፤ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡልኝ። ኮምፒውተሩ አሁን ምንም ድምፅ የለውም። እያየሁት ብሰድበው ደስ ይለኝ ነበር፣ የምሰድበው ነገር ግን የለውም።

አሁን የእኔን ጥፋት ስማ፤ ያንተን ብቻ አንብበህ እንድትቀር አልፈልግም።

ያን ቀን በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እንዳልሰረቅክ አውቅ ነበር። ጠዋት ስትገባ አይቼሃለሁ፤ ሰዓቱ ወደነበረበት መሳቢያ አልቀረብክም። አባትህ ሲቆጣ መሀል መግባት ስለማልወድ ዝም አልኩ። ሲበርድለት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሲበርድለት አንተ ሄደሃል። በኋላ ነገርኩት፤ ሦስት ዓመት ዘግይቼ። በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ።

«ለእሱ» የሚለው አንተ ነህ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? አራት ወር ጻፈው። በየጠዋቱ፣ ሰዓት ከመጠገኑ በፊት፣ በአንድ ጣት። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል፤ አንዳንድ ቀን የትናንቱን ሰርዞ ይነሣል። ምን እንዳለ አላውቅም። አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ በእኛ ቤት የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነው። ሲጨርስ ቆለፈው።

ቃሉን ለእኔ ሰጥቶኛል።

አዎ፣ አውቀው ነበር። «ከጠየቀህ ስጠው። ካልጠየቀ ግን አትስጠው፤ ሰው በግድ አያነብም» አለኝ። እሱም እንዳንተው ነበር፤ ኩርፊያህን ከማን የወረስክ መሰለህ? ስምንቱንም ቀን ስጠብቅህ ነበር። ሻይ ይዤልህ ስገባ ፊትህን ከኮምፒውተሩ ታዞራለህ። ትጠይቀኛለህ ብዬ ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ እቆማለሁ። አንተ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ትለኛለህ። ከሄድክ በኋላ፣ ጨርቁን ሳላለብሰው፣ አንዴ ከፍቼ ፈለግኩት (ያኔም ይጮኽ ነበር፣ ልብ አላልኩትም)፤ «ለእሱ» የሚለው የለም። ወስዶታል ብዬ ደስ አለኝ። የኮምፒውተር ሰው ነውና ቁልፍ አያስፈልገውም፣ በራሱ ከፍቶ አንብቦታል አልኩ። ከዚያ ደብዳቤዎችህ እያጠሩ ሲመጡ ደግሞ፣ አንብቦታል ግን ይቅር አላለውም ብዬ አሰብኩ። ስለ አባትህ ያላነሣሁብህ ለዚህ ነው። ቁስልህን የምነካካ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ወይም እኔ አንዲት መስመር «አንብበኸዋል?» ብዬ ብጽፍልህ ኖሮ፣ ዛሬ ጽሑፉ በእጅህ ነበር። ያንን እያሰብኩ ነው የምውለው። አንተ ግን ወጣት ነህ፤ ብዙ አታስበው።

ቃሉን በአፉ አልነገረኝም፤ ያኔ ጆሮዬ መድከም ጀምሮ ነበር። ለደንበኛ ሰዓት ሲቀበል በሚሰጠው ካርድ ጀርባ ላይ፣ በእኛው ፊደል፣ በእጁ ጻፈልኝ። ካርዱን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። የሚከፍተው ነገር የለም፤ ግን ያንተ ነው። ሦስት ዓመት በኪሴ ይዤው ስዞር እንደ ቁልፍ ቁጥር ብቻ ነበር የማየው፣ እንደ ንግግር አንብቤው አላውቅም። ዛሬ ፖስታው ውስጥ ከማስገባቴ በፊት መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል።

አጎትህ